ቦራ የሚቆምበት ቦታ

ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከከተማው ወጥቶ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ለተጓዘ ሰው የምትገኝ አንዲት መንደር አለች። እዚያ ይርጋነሽ የምትባል ሴት ትኖራለች። ዕድሜዋ አርባን ካለፈ ቆየት ብሏል። ስለ እሷ የሚጠየቅ ጎረቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚያወራው አንድ ነገር ነው፤ ይርጋነሽ እንስሳ ማየት ከጀመረች ወጧ ያርራል። አህያዋ ወንዝ ስትሻገር ሁልጊዜ በግራ እግሯ እንደምትጀምር ታውቃለች። አንዲት ዶሮዋ እንቁላሏን ለምን ጎረቤት ቤት እየሄደች እንደምትጥል ለማወቅ ሦስት ቀን ሙሉ ተከትላታለች፤ ምክንያቱንም ደርሳበታለች። ባሏ ፋንታ በዚህ ይስቅባታል።

«ከብት መጠበቅ ሌላ፣ ከብት መሰለል ሌላ» ይላታል።

እሷም አትቀየምም። መሰለል ከሆነም ይሁን ብላ ታልፈዋለች።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከሳቅ አለፈ። በግንቦት መጨረሻ ዳልቻ የሚባለው በሬያቸው ከገደል አፋፍ ተንሸራቶ ወደቀ። እግሩ ስለተሰበረ ሊድን አልቻለም፤ ታርዶ መንደርተኛው ሥጋውን ተካፈለው። ጓደኛው ወይኖ ብቻውን ቀረ። በአገሩ ደንብ አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን እያሉ ያርሳሉ። ቅንጅት የሚያዘው ግን ገና በበጋው ነው። ፋንታ ሰኔን ሙሉ ሰባት ቤት አንኳኳ፤ ሰባቱም አስቀድመው ተቀናጅተዋል።

ሰኔ ሲያልቅ አያ ወልደ ኪዳን መጡ። አያ ወልደ ኪዳን የጎረቤት ማሳ ባለቤት ናቸው፤ አራት በሬ አላቸው፣ በሸንጎም በለቅሶም ቃላቸው ይሰማል። ማሳውን እኔ ልረስ፣ ምርቱን እኩል እንካፈል አሉ። በክፋት አልነበረም፤ በሬ ላጣ ሰው ሁሉ የሚቀርብ ነገር ነው። ይርጋነሽ ግን ነገሩን አልወደደችውም። ማሳው ከአባቷ የደረሳት ሦስት ጥማድ መሬት ነው፤ ጥሩ ጥንድ በሬ በሦስት ቀን የሚጨርሰው ማለት ነው። ፋንታ ታሞ በተኛ ጊዜ መሬቱ አንዴ ለእኩል ገብቶ ነበር፤ ለማስመለስ አራት ዓመትና ሁለት ጊዜ የሽማግሌ ጉባኤ ፈጅቷል። አባቷ በሕይወት ሳሉ፣ ለእኩል የገባ መሬት እንደተዳረች ልጅ ነው፣ ለጥየቃ ይመጣል እንጂ ለመኖር አይመለስም ይሉ ነበር።

አያ ወልደ ኪዳን እስከ ሐምሌ ሥላሴ ምላሽ ስጡኝ ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ የእሳቸውም በሬዎች ሌላ ቦታ ይጠመዳሉ፣ ጤፉም የመዘሪያ ጊዜው ያልፋል። ማሳው ደግሞ ገና አንድ እርሻ ይቀረዋል።

ቤቱ ውስጥ የቀረ አንድ ብርቱ እንስሳ ነበር። እሱም ፈረስ ነው።

ቦራ የይርጋነሽ ታናሽ ወንድም የሀብተ ሥላሴ ፈረስ ነው፤ ግንባሩ ላይ እስከ አፍንጫው የሚወርድ ነጭ አለው፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ሀብተ ሥላሴ ብቸና ከተማ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት ጋሪ ነድቷል። ባጃጅ ሲበዛ ተሳፋሪ ጠፋ። ጋሪውን ለእንጨት ሸጦ፣ ፈረሱን ለእህቱ አስረክቦ፣ ሞጣ ወርዶ የወፍጮ ቤት ሥራ ያዘ። ቦራም ከጥር ጀምሮ ሣር እየበላ፣ ከአህያዋ ጋር እየተናከሰ ከርሟል።

በፈረስ የማረሱን ሐሳብ ያመጣችው ይርጋነሽ ናት። አንዲት ገብስ ሻጭ ከሮብ ገበያ ወገን መጥታ በኛ ደጋ በፈረስ የሚያርስ አለ ስትል ሰምታ፣ ቀንበሩ እንዴት እንደሚታሰር፣ ፈረሱ አንገቱ አይላጥም ወይ እያለች ሴትዮዋን ገበያዋን እስክታስፈታት ጠይቃታለች። ፋንታ መጀመሪያ አልሰማ አለ። እኛ ወይናደጋዎች ነን፣ በፈረስ ያረሰ ዘር የለንም አለ። እሷ ግን ያረጀ ደበሎ ቀደደች፣ ጭድ ጠቅጥቃ ሰፋች፣ እንደ ትራስ ያለ ነገር አወጣች፤ በቦራ አንገት ላይ አስቀምጣ ቀንበሩን አሳረፈችበት። ቦራ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ፣ አሸተተው፣ ከዚያ ዝም አለ። ፋንታም ሞፈሩን ሊያወጣ ተነሣ።

ሐምሌ ሁለት ቀን ማለዳ ወይኖና ቦራ ተጠመዱ። የመጀመሪያው ትልም እንደ እባብ ተጠማዘዘ፤ ፈረሱ ይቸኩላል፣ በሬው ይንቀረፈፋል። በአራተኛው ላይ ተስማሙ። ፋንታ እርፉን ጨብጦ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ጥቁሩ አፈር ሲገለበጥ አየና፣ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ከንፈሩን ነከሰ። ይርጋነሽ ከማሳው ራስ ቆማ ታያለች። ከመንገዱ ላይ ሁለት ገበያተኞች ቆሙ። ከዚያ አምስት ሆኑ። ረፋዱ ላይ መንደሩ ግማሹ ወጥቶ ነበር፤ ጉድ አይታለፍም።

ቦራ መቆም የጀመረው ያኔ ነው። በመንገዱ በኩል ሲያልፍ ድንገት ቀጥ ይላል። ፋንታ በአፉ ያባብላል፣ ጅራፍ ያጮሃል፤ ፈረሱ ጭራውን እየወዘወዘ ይጠብቃል። ወይኖ ግን ስለማይቆም ቀንበሩ ይጣመማል። ፋንታ እርፉን ለቆ፣ ሄዶ፣ ልጓሙን ጎትቶ ያስጀምረዋል፤ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ደግሞ ይቆማል። በመጨረሻ ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያስረው ጠፍር፣ ምራኑ፣ ተበጠሰ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ወልደ ኪዳንም በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመው ነበር።

«ፋንታ» አሉት፣ «አባቶቻችን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ሲሉ፣ አያርስምም የሚለውን የተዉት ግልጽ ነው ብለው ነው።»

ፋንታ አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። ያን ቀን የታረሰው ግማሽ ጥማድ አይሞላም።

ራት ላይ ፋንታ፣ ነገ ለአያ ወልደ ኪዳን እሺ ልበላቸው፣ ሰው መሳቂያ ከምንሆን እኩሉን እንብላ አለ። ይርጋነሽ እንጀራውን እየቆረሰች አሰበች።

«ለምን እንደሚቆም ሳላውቅ አልሰጥም» አለች።

«ብታውቂስ ምን ይፈይዳል?»

«ካወቅሁ በኋላ እነግርሃለሁ።»

በማግስቱ ገና ሳይጠመድ አራቱንም ኮቴውን አንሥታ አየች፤ ጠጠርም ቁስልም የለም። ርቦት እንዳይሆን አተላና ገብስ ሰጠችው። ከትራሱ ሥር እጇን አስገብታ አንገቱን ዳሰሰች፤ አላበጠም፣ አልተላጠም። ፋንታ የሰው ዓይን ነው ባይ ነበር። የሰው ዓይን ግን ገልጠው የሚያዩት ነገር ስላልሆነ ለመጨረሻ አቆየችው።

ፈረሱ በቆመ ቁጥር ትይዩ ድንበሩ ላይ አንድ ድንጋይ ልታስቀምጥ ወሰነች። ማለዳ ሰው ሳይወጣ፣ እሷም ድንጋይ ስትለቅም፣ ቦራ አንድም ሳይቆም ስምንት ትልም ሄደ። ፋንታ ሰውነቱ ተፈታ፤ ማንጎራጎር ጀመረ። ፀሐይ ከፍ ስትል መንገደኛው መጣ፣ ቦራም ቆመ። እኩለ ቀን ሳይሆን አሥራ ሰባት ድንጋይ ሆነ። ይርጋነሽ ማሳውን ዞራ አየች። ድንጋዮቹ ሁሉ በመንገዱ በኩል ናቸው። በገደሉ በኩል አንድም የለም።

መንገዱን ፈርቶ ይሆን? አለች ለራሷ። ግን የከተማ ፈረስ ነው፤ ከመኪና ጋር ሲጋፋ የኖረ መንገድ አይፈራም። ደግሞ ድንጋዮቹ አንድ ቦታ አልተከማቹም፤ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ነው።

በዚህ መሃል ስርጉት ብቅ አለች። ስርጉት ከሉማሜ ተመድባ የመጣች የጤና ሠራተኛ ናት፤ ቤት ለቤት እየዞረች የልጆች ክትባት ትመዘግባለች። ደብተሯን በደረቷ አቅፋ ከድንበሩ ዳር ቆመች። ቦራ መጣ፣ ከፊቷ ሲደርስ ቀጥ አለ። አንገቱን ወደ እሷ አዞረ፣ ጠበቃት። ስርጉት ደንግጣ ሃያ እርምጃ ያህል ሸሸችና እንደገና ቆመች። ፋንታ ፈረሱን ጎትቶ አስጀመረው። ቦራ ስርጉት ቀድሞ ቆማበት የነበረውን ቦታ ዞር ብሎ ሳያይ አለፈና፣ ከአዲሱ ቦታዋ ሲደርስ ቆመ።

ይርጋነሽ በእጇ የያዘችውን ድንጋይ ጣለችው።

«ስርጉት እህቴ፣ እስቲ ከመንገዱ ማዶ ካለው ዋርካ ጀርባ ሂጂልኝ» አለቻት።

«ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?»

«ምንም። ሂጂና ተደበቂ።»

ልጅቱ ግራ ገብቷት ሄደች፤ ይርጋነሽም ከድንበሩ ራቅ አለች። ቦራ ማሳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆም ሄደ። ይርጋነሽ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ገደሉ በኩል ሮጠች፤ ድንጋይ ወዳልተቀመጠበት ወገን። እዚያ ቆመች። ፈረሱ ዞሮ መጣ፣ ከፊቷ ሲደርስ ቆመ። በትልልቅ ዓይኖቹ አያት። የሚጠይቃት ነገር ያለ ይመስል ነበር። እሷም አየችው። ከዚያ ምን እንደነካት ሳታውቅ ጉልበቷን አጥፋ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ቦራ ጥቂት አመነታ፣ ጆሮውን አንቀሳቀሰ፣ ተስፋ እንደቆረጠ ሁሉ እፍ ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ወዲያው ስልክ አወጣችና ለወንድሟ ደወለችለት። ከበስተጀርባው ወፍጮው ይጮኻል።

«ሀብቴ፣ ቦራ ቆሞ ያለ ሰው ሲያይ ለምን ይቆማል?»

ሀብተ ሥላሴ መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰ፤ ለወፍጮ ቤቱ ሰዎችም እየነገረ አሳቃቸው። ከዚያ ከወፍጮው ራቅ ብሎ ይመስላል፣ ድምፁ ጥርት አለ።

«እታለም፣ እኔ አላስተማርኩትም። እሱ ራሱ ነው የለመደው። መንገድ ዳር የቆመ ሰው ካየ ሊጭነው ይቆማል። ገና ሳልስበው ይቆማል።»

«የተቀመጠውንስ?»

«የተቀመጠ ሻጭ ነው፤ ሽንኩርት የሚሸጥ፣ በቆሎ የሚጠብስ። የተቀመጠ ሰው ተሳፍሮ አያውቅማ። እሱን ምን ብሎ ይቆምለታል?» አለ። «እስካሁን ይቆማል ማለት ነው?»

ይርጋነሽ ስልኩን ዘግታ እዚያው ሣሩ ላይ ቆየች። አንድ ነገር ትዝ አላት። ትናንት ጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ፣ ቦራ ከማሳው ራስ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ገታ ብሎ ነበር፤ ፋንታም እሷም መዞሪያው ስለሆነ ነው ብለው አልፈውታል። እዚያ ቆማ የነበረችው ማን ናት? ከሁሉ በፊት የወጣች፣ ከሁሉ በኋላ የገባች፣ ዓይኗን ሳትነቅል ቀኑን ሙሉ ተገትራ የዋለች እሷ ራሷ ናት። ለፋንታ ስትነግረው ይቆጣኛል ብላ ነበር። እሱ ግን እርፉን እንደያዘ ፈረሱን አየ፣ እሷን አየ፣

«እንግዲያ አንቺ ስትሰልዪው እሱም ሲሰልለን ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሰው ማስቀመጥ ሆነ። በማግስቱ ሐምሌ አራት፣ ይርጋነሽ ከማለዳ ጀምሮ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ የመጣውን ሁሉ ቁጭ በሉ ትላለች። ምክንያቱን ስትነግራቸው ያላመነ አለ፤ እየተነሣ የሚሞክር አለ፤ ሠርግ ነው እንዴ፣ ጠላውስ የት አለ የሚል አለ። አገሬ የምትባል ጎረቤቷ፣ ወገቧን እያሻሸች፣ ዕድሜዬን ሙሉ ተቀመጪ ያለኝ የለም፣ ፈረስ ይሻላል ብላ ተዘረጋች። ቦራ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ እንደ ሽንኩርት ሻጭ ቆጥሮ አለፈ። ያን ቀን አንድ ጥማድ ከግማሽ ታረሰ።

ሐምሌ አምስት የአቦ በዓል ስለሆነ ሥራ የለም። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሐምሌ ስድስት ጠዋት ድንበሩ ጭቃ ሆነ፤ ሰውም የማዳበሪያ ከረጢትና ቅጠል እየያዘ መጥቶ ተቀመጠ። የቀረው ከአንድ ጥማድ ያነሰ ነው፤ በማግስቱ ሥላሴ ነው።

ረፋዱ ላይ አያ ወልደ ኪዳን መጡ። ታጥቦ የደረቀ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ምርኩዛቸውን ተክለው ከድንበሩ መካከል ቆሙ። ቦራ መጣ፣ ከፊታቸው ሲደርስ ቀጥ አለ። ቀንበሩ ተጣመመ። ፋንታ ልጓሙን ጎትቶ አስጀመረው፤ ሲመለስ ደግሞ ቆመ። የተቀመጠው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ማን ደፍሮ ይንገራቸው? ሽማግሌን ጭቃ ላይ ተቀመጡ የሚል የለም።

ይርጋነሽ ማዳበሪያዋን አጥፋ ሄደችና ከእግራቸው ሥር አነጠፈችላቸው።

«አያ ወልደ ኪዳን፣ አረፍ ይበሉ።»

«እኔ ቆሜ ነው የማይ።»

«እባክዎን።»

«አሁንስ ጡረታ ውጡ ልትይኝ ነው?» አሉና ምርኩዛቸውን ይበልጥ ተከሉት።

ይርጋነሽ አመነታች። ምክንያቱን ብትነግራቸው፣ እስከ ማታ እዚያው በመቆም ብቻ ማሳውን ሊያስቀሩት ይችላሉ። ከፈረሱ መቆም የሚጠቀም ሰው በመንደሩ ውስጥ ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው። ባትነግራቸውም አይቀመጡም። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለ ነገር አውቆ ለሰው አለመንገር ከአቅሟ በላይ ነው።

«ሊጭንዎት ነው የሚቆመው» አለች።

«ምን?»

ነገረቻቸው፤ ስለ ጋሪው፣ ስለ ሻጮቹ፣ ስለ ተሳፋሪዎቹ፣ ስለ አሥራ ሰባቱ ድንጋዮች። አያ ወልደ ኪዳን መጨረሻ ድረስ ሰሙ። ከዚያ አሥር እርምጃ ወደ ታች ወረዱና ቆሙ። ፋንታ እርፉን ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ ይርጋነሽ ከሩቅ አየችው። ቦራ መጣ፤ ቀድሞ የቆሙበትን አለፈ፤ አሁን ካሉበት ሲደርስ ቀጥ አለና አንገቱን አዞረላቸው።

አያ ወልደ ኪዳን ፈረሱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ማዳበሪያውን አስመጡ። ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ቦራ ሄደ።

«እንዴ» አሉ። ዞሮ ሲመጣ ተነሡ፤ ቆመ። ተቀመጡ፤ ሄደ። ሦስተኛ ጊዜ ሊነሡ ሲሉ ፋንታን አዩት፤ ላቡ በአገጩ ይወርዳል። አያ ወልደ ኪዳን ተመልሰው ተደላደሉ። ከዚያ በኋላ አልተነሡም። አንድ መንገደኛ አህያውን እየነዳ መጥቶ ምንድነው ብሎ ሲገተር፣ ከሁሉ ቀድሞ የተሰማው የእሳቸው ድምፅ ነው።

«አንተ፣ ቁጭ በል! ፈረሱ ሊጭንህ ነው፣ ሰው ሥራ ላይ ነው።»

የመጨረሻው ትልም ሲያልቅ ደመናው እንደገና ጠቁሮ ነበር። ሰው ጭቃውን እያራገፈ ተነሣ። ቦራ፣ ቀንበሩ ከተፈታለት በኋላ፣ ያ ሁሉ ሰው በአንዴ ሲቆም አይቶ ወዴት እንደሚሄድ ጨንቆት መካከሉ ላይ ቆመ። አገሬ በሳቅ ሞተች።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰብስቦ ዳቦ ሲቀማመስ፣ ይርጋነሽ አያ ወልደ ኪዳን ወደ እሷ ሲመጡ አየች። ቀኑ የምላሽ ቀን ነው። ቀድማ ልትናገር አፏን ስትከፍት በእጃቸው ከለከሏት። ስለ ማሳው አንድም ነገር አላነሡም። ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

«ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ፈረሱ ተቀመጠም የማይባል፣ ቆመም የማይባል፣ ቁጢጥ ያለ ሰው ቢያይስ?»

ይርጋነሽ ዳቦዋን ከአፏ መለሰች። ይህን እንዴት ሳታስበው ቀረች?

«አልሞከርነውም» አለች።

«መሞከር አለበት።»

«ነገ ጤፌን ልዝራ፣ አያ» አለች። «ከነገ ወዲያ ይምጡና እናየዋለን።»